ቦናያ ላይ የነደዱት አውሮፕላኖች

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ከነቀምት አጠገብ ባለው የቦናያ ሜዳ ላይ ሦስት የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች አረፉ። ክረምቱ ገብቷል። በዚያ ወር ወለጋ ላይ ደመናው ዝቅ ይላል፣ ሜዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ለአብራሪ የሚመች ጊዜ አይደለም። እነሱ ግን የአገሩ ገዥ በወዳጅነት ይቀበለናል ብለው አምነው ወረዱ፤ ሌሊቱንም እዚያው አውሮፕላኖቻቸው አጠገብ ሊያድሩ ሰፈሩ። በማግስቱ ሦስቱም ተቃጥለው ነበር። ከተሳፋሪዎቹም በሕይወት የተረፉት አንድ ካቶሊካዊ ካህን ብቻ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ከነቀምት በብዙ ርቀት ላይ ባለችው በሁሩታ ሆኜ ነው። ከአዳማ ተነስቶ አዋሽን መልካሳ ላይ ተሻግሮ ወደ አርሲ ደጋ ለሚወጣ ሰው ሁሩታ የስንዴ አገር ናት። ከጭላሎ ሥር ያለው እርሻ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ሲዘረጋ ከዚህ ሆኖ ይታያል። እዚህ ዕድሜ ሲቆጠር እስካሁን «ጣሊያን ሲገባ»፣ «ጣሊያን ሲወጣ» ይባላል። ያን ዘመን በዓይኑ አይቶ፣ በቃሉ አስታውሶ የሚነግር ሰው ግን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በቦናያው ሌሊት የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ዕድሜው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአገራችን መሬት ላይ ስለወደቁና ስለተቃጠሉ የጠላት አውሮፕላኖች የምናውቀውን መሰብሰብ ካለብን፣ በሚገባ ከሚታወቀው ከቦናያ መጀመር ይሻላል።

ከሟቾቹ መካከል አንቶኒዮ ሎካቴሊ የሚባል አብራሪ ነበረ። በርጋሞ የምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ ልጅ ነው፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ ገጣሚው ገብርኤሌ ዳኑንዚዮ እየመራቸው እስከ ቪየና ድረስ ከበረሩት አብራሪዎች አንዱ ሎካቴሊ ነበር። ያን ቀን በጠላት ዋና ከተማ ላይ የበተኑት ወረቀት ነው፤ ቦምብ አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በ1924 አትላንቲክን በአየር ለማቋረጥ ሲሞክር ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ወረደ። ሪችመንድ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ፈልጋ አግኝታ አተረፈችው። ኋላም የትውልድ ከተማው ሹም እስከ መሆን ደርሷል። ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር በሕይወት የወጣው ሰው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወለጋ ሣር ላይ ሞተ። ቪየና ላይ ወረቀት የበተነው ትውልድ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ይዞ የመጣው ምን እንደነበር ደሴ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ ከአየር ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል።

የቡድኑ መሪ ግን ሎካቴሊ አልነበረም። መሪው የአየር ኃይል ጄኔራሉ ቪንቼንዞ ማልዮኮ ነበር፤ በአዲስ አበባ የጣሊያን እንደራሴ የግራዚያኒ ምክትል የነበረ ትልቅ ሹም። ኮሎኔል ማሪዮ ካልደሪኒ የሚባል የጦር መኮንንም አብሮ ነበረ። የተረፉት ካህን አባ ማሪዮ ቦሬሎ፣ የኮንሶላታ ሚሲዮን አባል፣ የአገሩን ቋንቋና ሰው ስለሚያውቁ ተመርጠው የመጡ ናቸው።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሹም፣ በክረምት፣ በሦስት አውሮፕላን ብቻ ወዳልተያዘ አገር ለምን ሄደ? መልሱ በዚያ ሰኔ የጣሊያን ጦር በነበረበት ሁኔታ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተይዛለች፤ ከከተማዋ ውጭ ያለው አገር ግን አልተያዘም። ዝናቡ መንገዱን ዘግቷል፣ አርበኞች በየአቅጣጫው ዋና ከተማዋን ከበዋል፣ የጅቡቲ ባቡርም ይጠቃል። በሐምሌ 21 ከተማዋ ራሷ በአርበኞች ጥቃት ተናወጠች፤ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም በማግስቱ ተረሸኑ። ምዕራቡን በእግረኛ መድረስ ስላልተቻለ የቀረው መንገድ ሰማይ ነበር። ሮም ደግሞ ድሉ ተጠናቋል ብላ አውጃለች፤ ስለዚህ ምዕራቡን በመኪና የማይደርሱበት ቢሆን እንኳ በአውሮፕላን ደርሰው ባንዲራ መትከል ነበረባቸው።

የነቀምት ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። እዚህ ላይ ታሪካችንን ስንነግር የምንቸኩል ይመስለኛል። የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር የኩምሳ ሞረዳ ልጅ፣ የሞረዳ በከሬ የልጅ ልጅ ናቸው። ቤታቸው ለአፄ ምኒልክ በስምምነት ገብሮ ለረጅም ዘመን የራሱን አስተዳደር ይዞ የኖረ ቤት ነው። ከ1920ዎቹ ወዲህ ግን ማዕከላዊው መንግሥት ያን ነፃነት እየቆረጠ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ተሰባስበው ጎሬ በነበረው የብሪታንያ ቆንስል በኩል የዓለም መንግሥታት ማኅበር በብሪታንያ ጥበቃ ሥር እንዲያደርጋቸው ጠየቁ። ያ ሳይሳካ ሲቀር ሀብተ ማርያም ከጣሊያን ጋር ደብዳቤ ጀመሩ። ይህን ሰው «ባንዳ» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ቀላል ነው። ለረጅም ዘመን የራሱን አገር በራሱ ሕግ ያስተዳደረ ቤት፣ መንግሥቱ ሲፈርስ ሕዝቡን በማን ጥላ ሥር እንደሚያኖር ሲያስብ የሚደርስበትን ጭንቅ መመርመር ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ታሪክ ጸሐፊ ሊያደርገው የሚገባው ግን እሱን ነው።

አውሮፕላኖቹን ያቃጠሉት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ናቸው። አብዛኛው አንባቢ ይህን ስም የሚያውቀው ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በወጡ ወጣት መኮንኖችና ውጭ አገር ተምረው በተመለሱ ምሁራን ነው። በስዊድን መኮንኖች የሠለጠኑት እነዚህ ወጣቶች ጦርነቱ ሲያልቅ ጣርማ በር ላይ ተዋግተው ነበር፤ አዲስ አበባ ስትያዝ ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። አብረዋቸው በላይ ኃይለአብ፣ ሻለቃ ክፍሌ ነሲቡ፣ ይልማ ደሬሳ ነበሩ። የአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ ሰዎች በአንድ ጫካ ውስጥ ተሰበሰቡ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ መጻፉ ነው። የጦር አዛዡ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል። ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሠቃይ ይከለክላል። አባል አገር ጥሎ እንዳይሰደድ፣ በጠላት እጅ ከመውደቅም ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በዚያ ጊዜ የነበረው ጦር ስንቁን ከገበሬ ጎተራ እየወሰደ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ «ገበሬውን አትንኩ» ብሎ መጻፍ በራሱ አዲስ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የሚዋጉበት አገር ገበሬ ኦሮሞ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ግን አብዛኞቹ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው። ያን ደንብ የወለዱት ይህን ሁኔታ እያዩ እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ሌሊቱ ላይ እንመለስ። ሜዳው ላይ የቆሙት ማሽኖች የዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ናቸው። ጣሊያን በኢትዮጵያ ጦርነት በብዛት የተጠቀመችበት ካፕሮኒ 133 ሦስት ሞተር ያለው ከባድ አውሮፕላን ነበር፤ ቦምብ ይጥላል፣ ወታደርና ስንቅም ይጭናል። የእነዚህ አውሮፕላኖች አጽም የብረት ቱቦ ነው፤ ልብሱ ግን ባመዛኙ ጨርቅ ነው፣ ጨርቁንም እንዲወጠርና ውኃ እንዳያስገባ ቫርኒሽ ይቀቡታል። ውስጡ ቤንዚን የሞላ ታንክ አለ። አየር ላይ ሳለ ለመምታት እጅግ አስቸጋሪ የነበረው ይህ ማሽን መሬት ላይ ሲቆም በችቦ ይነድዳል። አርበኞቹ አውሮፕላን የሚጥል መድፍ አልነበራቸውም። በሠራዊታችን ላይ ለወራት ከሰማይ እሳትና መርዝ ሲያዘንቡ የነበሩትን ክንፎች በጥይትና በእሳት መሬት ላይ ሊያገኙ የሚችሉት በእንዲህ ያለ ሌሊት ብቻ ነበር፤ ያገኙትን አጋጣሚ አላሳለፉም። አባ ቦሬሎ በዚያ ሰዓት ከአውሮፕላኖቹ አጠገብ ስላልነበሩ ተረፉ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ሰኔ 23፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ መርዙን እንደ ዝናብ ሲረጩ የሆነውን ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተፈጸሙትን እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው፣ አንዱ ለዓለም ሁሉ ተሰምቶ ሌላው ወለጋ ውስጥ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የሚጠበቅ ነው። ጣሊያን ብቀላዋን ከአየር ላከች፤ ነቀምት ተደበደበች። አውሮፕላን ያቃጠሉት አርበኞች ጫካ ናቸው፤ ቦምቡ የወደቀው ከተማው ላይ ነው። የሀብተ ማርያም ሰዎች ጣሊያንን ጠሩ ተብለው በአርበኞች ይጠረጠራሉ፣ እንግዶቹን አላስጠበቁም ተብለው በጣሊያን ይመታሉ። ገበያ የወጣችው ሴት፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ሁለቱንም ወገን ያልጠራው ሰው ዋጋ ከፈለ። ይህ የታሪኩ ክፍል በመጻሕፍት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያገኘው።

እንዲህ ያለ ብቀላ አዲስ አልነበረም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 16 ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ጣሊያናዊ አብራሪ ከባልደረባው ከሊቪዮ ዛኖኒ ጋር ኦጋዴን ውስጥ ደገሃቡር አካባቢ ወርዶ ሁለቱም ተገደሉ። ግራዚያኒ ይህን ሞት ምክንያት አድርጎ በደቡብ ግንባር የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ታኅሣሥ 20 ገናሌ ዶሪያ ዳር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተደበደበ፤ የስዊድን ነርስ ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፣ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፣ በድንኳን የተኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችም አለቁ። አብራሪዎቹ የበተኑት ወረቀት የተገደለውን አብራሪ ይጠቅሳል። አንድ አውሮፕላን ሲወድቅ ከዚያ ቀጥሎ የሚወርደው ሁልጊዜ የሚበልጠው ነው።

አሁን ባሕር ማዶ ያለውን ትዝታ ተመልከቱ። በደቡብ ጣሊያን፣ ባሕር ዳር ባለችው የሬጆ ካላብሪያ ከተማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዛሬም በቲቶ ሚኒቲ ስም ይጠራል። ሲሲሊ ውስጥ የኮሚዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለረጅም ጊዜ «ቪንቼንዞ ማልዮኮ» ይባል ነበር፤ ቦናያ ላይ የሞተው ጄኔራል ማለት ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የኔቶ ኑክሌር ሚሳይሎች በዚያ ስም በሚጠራው ማረፊያ ላይ ተተክለው ነበር። ማረፊያው ቀደም ሲል ማፊያ በገደለው ፖለቲከኛ በፒዮ ላ ቶሬ ስም እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰየመ። በዓመቱ ሌላ የከተማ አስተዳደር ሲመጣ እንደገና ማልዮኮ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ወደ ላ ቶሬ ተመለሰ። ኮሚዞዎች ስለ አንድ ስም ለሰባት ዓመት ተከራከሩ። በርጋሞም ሎካቴሊን በመንገድ ስም ታስታውሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ የምትባል መንደር ለራሱ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠርታ በዓለም ዙሪያ ቁጣ ቀሰቀሰች።

ጣሊያኖች ሙታናቸውን ማሰባቸው አያስከፋኝም። የሚያስቆጨኝ የእኛ ወገን ነው። የጥቁር አንበሳ ሰዎች እጣ ምን እንደሆነ አስቡት፤ ኋላ ማኅበሩን የመሩት ራስ እምሩ አባላቱን ይዘው ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ የተወረወረው ቦምብ ሲፈነዳ፣ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተለቅመው ተረሸኑ፤ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ራስ እምሩ ጣሊያን አገር ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ እስረኛ ሆኖ የተወሰደው ወደዚያችው ደሴት ነው። ከተረፉት ይልማ ደሬሳ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ፤ መጽሐፍ ሲጽፉ ግን ስለ አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ነው የጻፉት። ታደሰ ሜጫ «ጥቁር አንበሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ» የሚል መጽሐፍ ትተውልናል፤ የራስ እምሩም «ካየሁት ከማስታውሰው» ዘግይቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታተመ። እነዚህ የተዋጊዎችና የመሳፍንት ቃላት ናቸው፤ ጥሩ ነው። የሜዳው ባለቤቶች፣ ያን ሌሊት ጭስ አሽትተው ያደሩት የቦናያ ቤተሰቦች ቃል ግን በእነዚህ ውስጥ የለም።

ይህን ሳነሣ ሁሩታን አስቤ ነው። አርሲና ስምጥ ሸለቆውም በዚያ ጦርነት ሰማይ ሥር ነበሩ። በ1929 ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ተገፍተው ወደ ሐይቆቹ አካባቢ ሲያፈገፍጉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከላይ ይከታተሏቸው ነበር። የካቲት 12 ጎጌቲ ላይ ተሸንፈው በጥቂት ቀን ውስጥ ቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተረሸኑ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ራሱ በተራው ከሰማይ የሚፈራው መጣበት። በ1933 መጋቢት የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ድሬዳዋን ሲደበድቡ ጃክ ፍሮስት የተባለው አብራሪ አውሮፕላኑ ተመትቶ በጠላት ሜዳ ላይ ወረደ፤ ባልደረባው ቦብ ከርሾ አጠገቡ አርፎ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚይዘው ሃሪኬን ውስጥ ሁለት ሆነው ተጣብበው በረሩ። በወሩ መልካሳ ድልድይ ላይ አዋሽን የተሻገረው የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ በዚህ በእኛ መንገድ አልፎ ሚያዝያ 3 አሰላን ያዘ። ዛሬ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው የሚያልፈው ይህንኑ መንገድ ነው።

እነዚህን አምስት ዓመታት አርሲ እንዴት ያስታውሳቸዋል? አንድ መልስ የለም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን። እዚህ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የገባርነት ቀንበር የከበደበት ሕዝብ ስለነበር፣ የጣሊያንን መምጣት ከዚያ መገላገል አድርጎ ያየ ብዙ ሰው ነበር። ከአርበኛ ጋር ዱር የገባም ነበር። የሁለቱም ልጆች ዛሬ በአንድ ገበያ ይሸጣሉ፣ በአንድ ዕድር ይቀብራሉ። ነቀምት ላይ ሀብተ ማርያምን ያስጨነቀው ጥያቄ እዚህም ተጠይቆ ነበር ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ቦናያን ስናነብ ስለ ራሳችን አገር የምናነብ የሚመስለኝ። በየሰፈሩ ያለው ትዝታ ከመጽሐፉ ታሪክ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ሰዎች አያወሩትም፤ ለልጆቻቸውም ሳይነግሩት ይሞታሉ።

ጥር 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ መለሰች። በ1927 አካባቢ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ ጣሊያን ማርካ ወስዳ ሙዚየም ያስቀመጠቻት ናት። ብዙ ሰው በደስታ ተቀበላት፤ እኔም እንዲሁ። የተረፈ ዕቃ ታሪክን ያስነሣል። ከቦናያ የተረፈ ግን ሰው አፍ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሙዚየም አይጠብቅልንም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለው ነቀምት ነው፤ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትም እዚያው ቆሟል። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አሰላ ነው፤ ከሁሩታ የሄዱ ልጆች እዚያ ይማራሉ። የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ ሲፈልግ ስልኩን መቅረጫ አድርጎ ቦናያ ይሂድ፣ ወይም ጣሊያንን ያዩ አባትና እናት የነበሯቸውን ሽማግሌዎች ኢተያ፣ ዴራና ሁሩታ ይጠይቅ። በኦሮምኛ ይጠይቅ፣ በሚናገሩበት ቋንቋም ይጻፍ። ጥያቄዎቹም ቀላል ናቸው፤ ሰኔ 20 ጧት ሜዳው ላይ ማን ቀድሞ ደረሰ? የሞቱትን ማን ቀበራቸው፣ የትስ? የተቃጠለው ብረት ወዴት ሄደ? ቦምቡ ነቀምት ላይ ሲወድቅ የት ተደበቃችሁ፣ ማን ሞተ፣ ስሙስ ማን ነበር?